መጀመሪያ አስገምቱ፦ ሳይንስን ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ለማስተማር ዝርዝር መመሪያ

«ላብራቶሪ የለን፣ ዕቃ የለን፣ ሳይንስን በምን እናስተምር?» በሰሜን ሸዋ የገጠር ትምህርት ቤቶች ይህን የማይል መምህር ማግኘት ይከብዳል። ቅሬታው እውነት ነው። ግን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለሚሰጠው የአካባቢ ሳይንስ የሚያስፈልገው ዕቃ አብዛኛው ተማሪዎቹ ቤት ውስጥ አለ። ባቄላ፣ ጨው፣ እርሾ፣ ዱላ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ ካርቶን። ከዕቃው በላይ የጎደለን አሠራሩ ነው። መልሱን ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። ልጆቹ ይገለብጣሉ። ሙከራው ካለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መልሱን አስቀድሞ የገለበጠ ልጅ ደግሞ ሙከራውን ቢያየውም ባያየውም ያው ነው።

የዚህ መመሪያ መሠረት አንድ ነገር ነው፦ ልጁ ከማየቱ በፊት ይገምት። ግምቱን ይናገር፣ ይጻፍ፣ ይከራከርበት። ከዚያ ይይ። ይህን ካደረጋችሁ ተራ ባቄላ ይበቃችኋል። ካላደረጋችሁ ውድ ማይክሮስኮፕም አያድናችሁም።

የጻፍኩት ለመምህራን ነው። ግን በአካባቢያችን ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው የቆዩበት ጊዜ ስላለ፣ ቤት ውስጥ ልጆቹን የሚያስጠና ወላጅ ወይም ታላቅ እህት ወንድምም ሊጠቀምበት ይችላል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ምረጡ

ክፍለ ጊዜውን በትርጉም አትጀምሩ። «መብቀል ማለት…» ብሎ የጀመረ ትምህርት እዚያው ያልቃል። በአንድ ጥያቄ ጀምሩ። ጥያቄው ግን ተራ ጥያቄ መሆን የለበትም። «ዘር ለመብቀል ምን ያስፈልገዋል?» ብትሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ውሃ፣ አየር፣ ብርሃን፣ አፈር!» ይላሉ። ግማሹ ስህተት ነው፤ ደግሞም ማንም አላሰበበትም፤ በቃል የተያዘ ነው።

ይልቅ አንድ ባቄላ በእጃችሁ ይዛችሁ «ይህን ባቄላ አርጥቤ ካርቶን ውስጥ ብዘጋበት ይበቅላል ወይስ አይበቅልም?» በሉ። ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ጥሩ ጥያቄ የሚታይ ነገር አለበት፤ መልሱ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉ ልጆችም በመልሱ ሳይስማሙ ይቀራሉ። ሁሉም የተስማሙበት ጥያቄ ከሆነ ለውጡት።

ደረጃ 2፦ ሁሉም ልጅ ግምቱን ይያዝ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ መምህር የሚቸኩለው እዚህ ነው።

ጥያቄውን ከጣላችሁ በኋላ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ዝምታው ያስጨንቃል፣ ግን ከኋላ ወንበር ያለችው ዓይን አፋር ልጅ የምታስበው በዚህ ሰዓት ነው። እጅ ቶሎ የሚያወጡት እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። እነሱን ብቻ ከጠየቃችሁ የቀሩት ማሰብ ያቆማሉ።

ከዚያ ሁሉም በደብተሩ ይጻፍ። ገጹን በሦስት ይከፍለዋል፦ «ግምቴ»፣ «ያየሁት»፣ «ለምን ይመስለኛል»። መጻፍ ያልለመዱት ይሳሉ። በእርሳስ የተጻፈ ግምት በላጲስ እንዳይጠፋ አስጠንቅቁ። ልጆች መሳሳታቸውን ሲያዩ ቶሎ ብለው ያጠፉታል። የተሳሳተ ግምት ነጥብ እንደማያስቀንስ ደጋግማችሁ ንገሯቸው፤ በተግባርም አሳዩአቸው።

ቀጥሎ ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት። ይበቅላል የሚሉ በመስኮት በኩል፣ አይበቅልም የሚሉ በበር በኩል ይቁሙ። ከየወገኑ ሁለት ሦስት ልጅ ምክንያቱን ይናገር። የእናንተ ሥራ ፊታችሁን መቆጣጠር ነው። ልክ የሆነው ልጅ ሲናገር «ጎበዝ!» ካላችሁ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። «እሺ፣ ሌላስ?» በሉና እለፉ።

ደረጃ 3፦ አንድ ትምህርት ከነሙሉ አካሄዱ፦ ባቄላው

ይህን ትምህርት በዝርዝር የማነሳው ከ2ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በየደረጃው ስለሚሠራ ነው።

እሑድ ማታ ሃያ አምስት ያህል ባቄላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ሰኞ መጀመር ጥሩ ነው። ዓርብ ከጀመራችሁ ቅዳሜና እሑድ የሚያረጥበው የለም፤ ሰኞ ስትመጡ ደርቆ ታገኙታላችሁ። ባቄላውን ከልጆች የምትሰበስቡ ከሆነ ቀድማችሁ ለዩት። የተቆላ የሚያመጣ አይጠፋም፤ ነቀዝ የበላውም ይኖራል። የተቆላውን አትጣሉት። «ይህስ ይበቅላል?» ብላችሁ ለብቻው አስቀምጡት፤ ልጆቹ ራሳቸው ይጨቃጨቁበታል።

ባዶ ሃይላንድ ወገቡ ላይ ቆርጣችሁ አራት ዕቃ አዘጋጁ። መቁረጡን እናንተ ሥሩት። በእያንዳንዱ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ወይም ጥጥ አንጥፋችሁ አምስት አምስት ባቄላ አስቀምጡ። አንድ ብቻ ካደረጋችሁ ያ ባቄላ የሞተ ሊሆን ይችላል፤ ከአምስት ግን አንድ ቢቀር ነገሩ አይበላሽም።

የመጀመሪያው ጨርቁ እንደረጠበ መስኮት ሥር ይቀመጥ። ሁለተኛው እንደዚያው ረጥቦ ካርቶን ይደፋበት። በሦስተኛው ደረቅ ጨርቅና ያልተዘፈዘፈ ደረቅ ባቄላ ይግባ። አራተኛው ባቄላው እስኪሰጥም ውሃ ይሞላ። አፈር የለም። ልጆቹ «አፈር ሳይኖር እንዴት?» ማለታቸው አይቀርም። «እናያለን» በሉ።

እዚህ ላይ የምታስተምሩት ትልቁ ነገር ባቄላው አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን እኩል ማድረግ ነው። ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው መካከል የሚለየው ብርሃኑ ብቻ ነው። ውሃውም እኩል፣ ባቄላውም እኩል፣ ክፍሉም ያው ነው። «ካርቶን የተደፋበትን ሌላ ክፍል ብናደርገውስ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ታዲያ ብርሃኑ ይሁን ክፍሉ በምን እናውቃለን?» ካለ፣ ያ ልጅ የሳይንስን ዋና ነገር ይዟል።

ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሸዋ ሮቢት ሞቃት ስለሆነ ቶሎ ይበቅላል። ደብረ ብርሃን ወይም መንዝ ላይ ግን ብርዱ ያዘገየዋል፤ ሁለት ሳምንት መድቡለት። በየቀኑ የሚያረጥቡ ተረኞች ይኑሩ። ካርቶኑን ለማየት ሲባል ለአፍታ ይነሣ፣ ወዲያው ይመለስ።

ውጤቱ ሲመጣ ብዙዎቹ ይደነግጣሉ። ካርቶን የተደፋበት ባቄላ በቅሏል። ደረቁ እንዳለ ነው። ውሃ ውስጥ የሰጠመው ወይ አልበቀለም፣ ወይ ትንሽ ጀምሮ ቆሟል፤ ይሸታልም። ስለዚህ ለመብቀል ውሃና አየር ያስፈልጋል። ሙቀትም ያስፈልጋል፤ ይህን ብርዱ ራሱ አሳይቷችኋል። ብርሃንና አፈር ግን ለመብቀል አላስፈለጉም።

እዚህ አታቁሙ። ሁለቱን ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት አቆዩአቸው። ጨለማ ውስጥ ያለው እየረዘመ፣ እየቀጠነ፣ እየገረጣ ይሄዳል። መስኮት ሥር ያለው አጠር ብሎ አረንጓዴ ይሆናል። ጨለማ ያለው እስካሁን የኖረው ክኩ ውስጥ በተጠራቀመው ስንቅ ነው። ስንቁ ሲያልቅ የራሱን ምግብ ማዘጋጀት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ብርሃን ያስፈልገዋል። ልጆቹ «ለመብቀል» እና «ለማደግ» የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በዓይናቸው ያያሉ።

አንድ ጥንቃቄ። አፈር ውስጥም ለመትከል ካሰባችሁ፣ የኛ ባቄላ ክኩን ከአፈር በታች ይተዋል፤ የሚወጣው ቡቃያው ብቻ ነው። ቦሎቄ ግን ሁለቱን ክኮች ተሸክሞ ከመሬት በላይ ይወጣል። የቦሎቄ ሥዕል እያሳያችሁ ባቄላ ካበቀላችሁ ልጆቹ «ቲቸር፣ የኛ ተበላሸ» ይሏችኋል። አልተበላሸም። ሁለቱንም ጎን ለጎን ብትተክሉ ደግሞ ጥሩ ትምህርት ይወጣዋል።

አሁን የቤት ሥራው። «እናታችሁን ወይም አያታችሁን ብቅል እንዴት እንደሚያበቅሉ ጠይቁ» በሉ። ጠላ የማይጠመቅበት ቤት ከሆነ በቆልት ይጠይቁ። በማግስቱ የሚያመጡት መልስ ያስደስታችኋል። ገብሱ ይዘፈዘፋል። ውሃው ይጠነፈፋል። በቅጠል ተሸፍኖ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ሰሌዳው ላይ ጻፉትና «ውሃውን ለምን ያጠነፍፋሉ? ለምን ይሸፍኑታል? ብርሃን ሰጡት?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍሉ ሁለት ሳምንት የደከመበትን ነገር እናቶቻቸው ሲሠሩበት ኖረዋል። «እናቴ ይህን ታውቃለች!» የሚል ልጅ ፊት ላይ ያለውን ኩራት ማየት አለባችሁ። ሳይንስ ከከተማ የመጣ የመጽሐፍ ነገር ብቻ መስሎት የነበረ ልጅ ነው።

ደረጃ 4፦ ብርዱንና ዳገቱን ተጠቀሙባቸው

ሰሜን ሸዋ ለሳይንስ መምህር የታደለ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር እንኳ አትሞላም። በመካከላቸው የጣርማ በር ዳገት አለ። በአንድ ቀን ጉዞ አየሩም፣ እህሉም፣ ልብሱም ይለወጣል።

ውርጩን እንውሰድ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ያለበትን ቀዝቃዛ ማታ ምረጡ። ሁለት ተመሳሳይ ሰፊ ሳህኖች ላይ እኩል ጥቂት ውሃ አድርጉ። አንዱን ሜዳ ላይ፣ ሌላውን ከዳስ ወይም ከዛፍ ሥር አስቀምጡ። «ጧት የትኛው በረዶ ይሠራል?» ግምት ይጻፍ። ብርዱ በቂ ከሆነ ቀድሞ የሚረጋው ሜዳ ላይ ያለው ነው። መሬት ሌሊት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ጣራ፣ ዛፍ ወይም ደመና ካለ ከሙቀቱ የተወሰነውን ይመልሰዋል። ጥርት ያለ ሰማይ ግን የሚመልሰው የለውም።

ይህን ገበሬ አባቶች ያውቁታል። ልጆቹ ቤት ሄደው «ውርጭ የሚጥለው መቼ ነው? የትኛውን ማሳ ይመታል?» ብለው ይጠይቁ። ሰማዩ ሲጠራ፣ ነፋስ ሲጠፋ፣ ረባዳው መሬት ቀድሞ ይመታል ይሏቸዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይወርድና ረባዳው ላይ ይተኛል። ይኸው የ5ኛ ክፍል ትምህርት ከአባት ማሳ ወጣ።

የዳገቱ ሙከራ ደግሞ ልጆች የሚወዱት ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ወላጅ ወይም ሹፌር ፈልጉ። ጣርማ በር ላይ ባዶ ሃይላንድ ከፍቶ፣ መልሶ ጥብቅ አድርጎ ይክደነው። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጠርሙሱ ጭምድድ ብሎ ያገኘዋል። ማንም አልነካውም። ከታች ያለው አየር ከላይኛው ይበልጥ ይጫናል፤ እሱ ነው የጨመቀው። በተቃራኒው ከቆላ የተገዛ የታሸገ ብስኩት ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ይነፋል። ሃይላንዱን ሳይከፍት ያምጣላችሁ ብዬ ነበር የምለው፣ ግን ወደ ላይ ሲመለስ ይቃናል። ስለዚህ ታች ሆኖ በስልክ ፎቶ ያንሣው።

ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል እዚሁ ላይ የመፍላትን ነገር አንሡ። «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል» የሚለው እውነት የሚሆነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ይፈላል። ሸዋ ሮቢት ላይ 96 አካባቢ ነው። ደጋ ላይ ባቄላ ሲቀቀል የሚቆየው ለዚህ ነው፤ ውሃው ቢንተከተክም ሙቀቱ ያንሳል። ቴርሞ ሜትር ካገኛችሁ ለኩትና አሳዩአቸው። የፈላ ውሃውን ግን እናንተ ብቻ ያዙት።

ለትንንሾቹ ደግሞ ጧት ከአፋቸው የሚወጣውን ነጭ ነገር ጠይቁ። «ጭስ ነው ወይስ ውሃ?» አብዛኞቹ ጭስ ይላሉ። መስታወት ወይም ቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ ይተንፍሱበት፣ በጣታቸው ይንኩት። ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ዱላና ጥላ

ግቢ ውስጥ ሜዳ ፈልጉ። 1 ሜትር ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። መቅናቱን በክር በታሰረ ድንጋይ አረጋግጡ። በየግማሽ ሰዓቱ የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ይቀመጥ። ከመቀመጡ በፊት ግን እያንዳንዱ ቡድን «ቀጥሎ እዚህ ይደርሳል» ብሎ የራሱን ጠጠር ያስቀድም። ልጆች ጥላን ዕድሜ ልካቸውን አይተውታል፤ ወዴት እንደሚሄድ ገምቱ ሲባሉ ግን ብዙዎቹ ይስታሉ።

ጥላው በጣም የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት አይደለም፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። የጧት ፈረቃ ከሆናችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ልታገኙት ትችላላችሁ።

ሙከራውን በዓመት ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ ውበቱ እዚያ ላይ ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ ታኅሣሥ 12 ገደማ የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሚያዝያ 7 አካባቢ ጥላው ዱላው ሥር ገብቶ ሊጠፋ ይደርሳል። ሰኔ 14 ገደማ ደግሞ ወደ ደቡብ ዞሮ 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው ብለው የሚያስተምሩ አሉ። እኛ አገር አይሠራም፤ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ታልፋለች። ሚያዝያ ላይ «ሰኔ ላይስ ወዴት ይዞራል?» ብላችሁ አስገምቱና ወረቀቱን አስቀምጡት።

ልጆች ወደ ሰማይ ካዩ አይቀር፣ የደብረ ብርሃንንም ታሪክ ንገሯቸው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ብርሃን ታየ፣ ከተማዋም በዚያ ምክንያት ተቆረቆረች ይባላል። በ1456 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ታይቶ ስለነበር፣ ብርሃኑ እሱ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ኮከቡ በ76 ዓመት ገደማ አንዴ ይመጣል። ቀጣዩ በእኛ 2053 ዓ.ም. ነው። «ያኔ ስንት ዓመት ይሆናችኋል?» በሉና ሒሳቡን ራሳቸው ይሥሩት።

ደረጃ 6፦ ቶሎ የሚሠሩ ሁለት ሙከራዎች

እርሾ፦ ሃይላንድ ውስጥ ቀጠን ያለ የጤፍ ሊጥ ከእርሾ ጋር አድርጉ። አፉ ላይ ፊኛ ግጠሙ። ሞቅ ያለ ቦታ ይደር። ፊኛው ይነፋል። የነፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የእንጀራ ዓይንም የሚመጣው ከዚሁ ጋዝ ነው። ደጋ ላይ ከሆናችሁ አንዱን ብርድ ላይ፣ አንዱን ምድጃ አጠገብ አስቀምጡና አስገምቱ።

ኤሌክትሪክ፦ የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦ፣ ከተበላሸ ባትሪ የወጣ አምፖል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው ኤልኢዲ ነው። ነጩ ኤልኢዲ በአንድ ድንጋይ አይበራም፤ አንዱ 1.5 ቮልት ብቻ ነው። ሁለት ደርድሩ። አሁንም ካልበራ የሽቦዎቹን አቅጣጫ ቀይሩ፤ ኤልኢዲ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ይህን ሳይሞክሩ ክፍል የገባ መምህር ይቸገራል።

ተማሪው ሲበዛ

ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉም ሙከራውን አይሠራም። አምስት አምስት አድርጋችሁ መድቡ። ሥራው ግን ይለያይ፤ አንዱ ዕቃ ያመጣል፣ አንዱ ያረጥባል፣ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ለክፍሉ ይናገራል። በየሳምንቱ ይቀያየሩ። ካልተቀያየሩ ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ፣ ወንዶቹ ሲናገሩ ዓመቱ ያልቃል። ይህን በዓይናችሁ ተከታተሉ።

ማንበብ ያልቻሉና የቻሉ አንድ ቡድን ይግቡ። የማይጽፍ ልጅ ጎበዝ ተመልካች ሊሆን ይችላል። በተለይ እረኛ ልጆች ያዩትን ብትጠይቋቸው ትገረማላችሁ። ጓሳ ወይም አንኮበር አካባቢ ካላችሁ ጭላዳ ሣር እንዴት እንደሚለቅም ከእነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

ጥንቃቄ

ፀሐይን በቀጥታ አይዩ። ለሙከራ የመጣ ምንም ነገር አይቀመስ። ልጆች ዕፅዋት ሲሰበስቡ አስተናግርና የጉሎ ፍሬ እንዳያመጡ ቀድማችሁ አሳዩአቸው፤ ሁለቱም መርዝ ናቸው። የኤሌክትሪክ ሙከራ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው፣ ከግድግዳ ሶኬት ጋር በፍጹም። ጭላዳን ከሩቅ ይመልከቱ እንጂ አይጠጉ፣ ምግብም አይስጡ።

የማታውቁት ጥያቄ ሲመጣ

ይመጣል። «ቲቸር፣ ባቄላው ሥሩን ወደ ታች መላክ እንዳለበት በምን አወቀ?» ትባላላችሁ። «ይህ በናንተ ደረጃ አይደለም» አትበሉ። ሰሌዳው ጥግ ላይ ጻፉትና «እንዴት ብንሞክረው እናውቃለን?» በሉ። ለዚህኛው መንገድ አለ፤ የበቀለውን ባቄላ ገልብጣችሁ በሥሩ ወደ ላይ አስቀምጡት። ሥሩ በጥቂት ቀን ተጠምዝዞ ወደ ታች ይመለሳል። የመሬትን ስበት ይከተላል።

ፈተናው

ዓመቱን ሙሉ እንዲህ አስተምራችሁ ፈተና ላይ «መብቀል ምንድን ነው?» ብትሉ ልጆቹ ለቀጣዩ ዓመት ወደ ሽምደዳ ይመለሳሉ። ልጅ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው። ስለዚህ ከጥያቄዎቹ ቢያንስ ሁለቱ እንዲህ ይሁኑ፦

«አልማዝ አምስት የገብስ ፍሬ አርጥባ ድስት ውስጥ ከደነች። ወንድሟ ብርሃን ስለሌለ አይበቅልም አለ። ማን ልክ ነው? ምክንያትህን ጻፍ።»

«ሁለት ማሳ አለ። አንዱ ረባዳ፣ አንዱ ተዳፋት። ኅዳር ላይ ባቄላ ቢዘራባቸው ውርጭ ቀድሞ የሚመታው የትኛውን ይመስልሃል? ለምን?»

ሲታረም ምክንያቱ ከመልሱ የበለጠ ነጥብ ይያዝለት። መልሱን ስቶ ምክንያቱን በደንብ ያስረዳ ልጅ፣ ገምቶ ካገኘው ልጅ የተሻለ ውጤት ያግኝ። ለወላጆችም ካርድ ስትሰጡ ይህን አስረዷቸው፤ አለበለዚያ «ልጄ መልሱን አግኝቶ ለምን ነጥብ ቀነሳችሁበት?» ብለው ይመጣሉ።